ቤቱን የበላው መኪና

ዘሀራ እጇን አልዘረጋችም።

በሺር ሀምዱ ይህን ያየው ዱዓው ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሼሁ አዲስ ከተገዛው የጭነት መኪና አፍንጫ ፊት ቆመዋል። የታረደው ሙክት ደም ከፊተኛው ጎማ ላይ ገና አልደረቀም። «ያ ረቢ፣ ሲሄድም ሲመለስም ሰላም አድርገው! ከገደሉም ከክፉ ሰውም ጠብቀው!» ባሉ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ መዳፉን ወደ ሰማይ ገልብጦ «አሚን!» ይላል። ክርስቲያኑ ወዳጁ ወርቅአፈራሁ እንኳን ከአጥሩ ጥግ ባርኔጣውን አውልቆ «አሜን» ሲል ተሰምቷል። ሚስቱ ዘሀራ ግን በሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ መኪናውን ትመለከታለች። አስተያየቷ ጠዋት ስትነሳ የማታውቀው ሰው ደጃፏ ላይ ተኝቶ ያገኘች ሴት አስተያየት ነበር።

በሺር ዓይኑን ፈጥኖ ወደ ሼሁ መለሰ። አላየሁም ቢል ይሻለው ነበር። አሚን ባዩ ብዙ ስለሆነ የአንድ ሰው ዝምታ በመካከሉ ይሰወራል ብሎ ራሱን አጽናና።

የዘሀራ እጅ ግን ለእሱ እንደማንኛውም ሰው እጅ አልነበረም። ገና ጎረምሳ ሆኖ ቢስቲማ ሲኖር፣ አባቱ የተዉለትን ጥማድ በሬ ሸጦ የበግና የፍየል ቆዳ ሊገዛበት ሲነሳ አገሩ ሁሉ አብዷል ብሎት ነበር። በሬውን የሸጠ ገበሬ ምን ቀረው? ያኔ ገና ሙሽራ የነበረችው ዘሀራ የአንገቷን የብር ድሪ ፈትታ ከበሬው ዋጋ ላይ ጨመረችለት፤ ዱዓው ሲደረግም ከሁሉ ቀድማ መዳፏን ገለበጠች። ቆዳው ደሴ ደርሶ እጥፍ አወጣ። በሺርም ሞፈሩን ሰቅሎ ነጋዴ ሆነ።

ዕድሜው አርባን ሲሻገር ደግሞ ከቆዳው ንግድ ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ደሴ፣ ሸዋ በር አጠገብ፣ የሚከራዩ ቤቶች በተርታ አሠራ። ያን ጊዜም እጇን ዘርግታለች። የቆዳ ንግድ ሸሪኩ የነበረው ወርቅአፈራሁ በዚህ አልተስማማም። ድርሻውን ወስዶ ላሞች ገዛበትና ሐርቡ ላሉ ገበሬዎች በየርቢ ሰጠ፤ ገበሬው እየጠበቀ ያረባል፣ የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ።

«ላም ይሞታል፣ ወርቄ» ይለው ነበር በሺር። «ድንጋይ ሲሞት አይተህ ታውቃለህ?»

«ድንጋይስ ሲታለብ አይተህ ታውቃለህ?» ይመልስለታል ወርቅአፈራሁ።

በስልሳ ሰባት ክረምት ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ። በሺር የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ቀረለት። ወርቅአፈራሁ ያን ቀን እንደ ለቅሶ ደራሽ መጥቶ ምንም ሳይናገር እስከ ማታ አብሮት ተቀመጠ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ደግሞ ሐርቡ ያሉት ላሞች አለቁ፤ ካረቧቸው ገበሬዎችም ያለቁ ነበሩ። በሺር በተራው ሄዶ ዝም ብሎ ተቀመጠለት። ከዚያ ወዲያ ስለ ድንጋይም ስለ ላምም አንዳቸውም አንስተው አያውቁም።

ሰባ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በሰማንያ ሁለት የካቲት፣ ሬዲዮው ስለ ቅይጥ ኢኮኖሚ ተናገረ። የግል ሀብት ተፈቀደ፣ ቤት መሸጥ መለወጥ ተፈቀደ፣ ነጋዴው ወደ ሥራው ይግባ ተባለ። በሺር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ሲጨርስ ሰውነቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተነቃነቀ፤ የቆዳ ሽታ የሸተተው መሰለው።

«ሰማሽ?» አላት።

«ሰማሁ» አለች ዘሀራ። «ሬዲዮው ሲወስድም ሲሰጥም ድምፁ ያው ነው።»

የልጃቸው የረሂማ ባል ጀማሉዲን ኮምቦልቻ ይኖራል። ጎበዝ ሾፌር ነው፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የያዘው የሰው መኪና መሪ ነው። የመኪናውን ወሬ ያመጣው እሱ ነበር።

«አባባ፣ ባለመኪናው ዘይኑልአቢዲን ያቺን የጭነት ኤንትሬውን ሊሸጣት ነው። ሞተሯ ታድሷል፣ እኔ ራሴ ነድቻታለሁ። ወደ ናዝሬት ጠቅልሎ ሊገባ ስለሆነ ቸኩሏል።»

«ለምን ይገባል?»

«እኔ እንጃ። ዘመዶች አሉኝ ነው የሚለው።»

በሺር በቆዳ ንግዱ ዘመን አንድ ልማድ ነበረው። ሻጭ ሳይከራከር ሲሰጠው ቆዳውን ገልብጦ የሥጋውን በኩል ያይ ነበር። ላዩ ያማረ ቆዳ ውስጡ ቢላ የነካካው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ቆዳ ባለቤቱ በማንኛውም ዋጋ ሊገላገለው ይፈልጋል። ዘይኑልአቢዲን ምንም አልተከራከረም። በሺር ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሲጠራ፣ የመኪናውን ኮፈን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ውሰደው፣ በረካ ይሁንልህ» አለው። በሺር ግን ዕድሜ ልኩን ሲያደርግ የኖረውን ያን ቀን አላደረገም። ደስ ብሎት ነበር። ዋጋው የሚኖርበትን ቤት ያህል ነበር፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር ደግሞ አልነበረውም።

«ከመሞቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀምጥላችሁ ብዬ ነው» አላት ለዘሀራ።

«ያስቀመጥከውን ሸጠህ?»

«በሬውን ስሸጥ እንዲህ አላልሽም። ድሪሽን ነው የሰጠሽኝ።»

ዘሀራ የምታጥበውን ዕቃ አስቀምጣ ወደ እሱ ዞረች። «የረሂማ አባት፣ ያኔ ብንወድቅ ጉልበት ነበረን። ቤቱ ሲወረስ እንኳን ቆመህ መሥራት ትችል ነበር። አሁን ብንወድቅ የሚያነሳን ማን ነው?»

«ጀማሉዲን አለ አይደል?»

«እኔም የፈራሁት ለእሱ ነው። ያን ጊዜ ያስያዝከው የራስህን ዕድሜ ነበር። ይህን መኪና የምትነዳው አንተ ነህ?»

በሺር ሳቀ። «ጀማሉዲን መንዳት ሥራው ነው። የሰው ከሚነዳ የራሱን ቢነዳ ምን ይለዋል?»

ቤቱን አንድ የባቲ ነጋዴ ገዛው። በሺርና ዘሀራ መኖሪያ ይሰጠን ብለው ቀበሌ አመለከቱ፤ ብዙ ከተመላለሱም በኋላ ሸዋ በር አጠገብ ካለው ተርታ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ቁልፉን ያቀበለው የቀበሌው ሰው ፈገግታውን በደንብ አልደበቀም።

«ጋሽ በሺር፣ ቤቱን እርስዎ ያውቁታል። ማሳየት አያስፈልገኝም።»

በእርግጥም ያውቀዋል። ማገሩን ከየት እንዳስመጣው፣ የትኛው ወጋግራ ጠማማ ስለነበር አናጢውን እንደተቆጣው፣ ቆርቆሮው በየትኛው ቅዳሜ እንደተመታ ያውቃል። አሁን በገዛ ቤቱ ኪራይ ከፋይ ሆኖ ገባ። ዘሀራ አልጋውን ጥግ ካስያዘች በኋላ ምርኩዟን ይዛ ጣራውን ቀና ብላ አየች። «ጥሩ ቆርቆሮ ነበር የገዛኸው» አለች። ስድብ ይሁን ምስጋና ሊለየው አልቻለም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት በሺርን ልክ አስመሰሉት። ጀማሉዲን ከኮምቦልቻ ሽንኩርት፣ ከሐርቡ ማሽላ ጭኖ የሐረጎን ዳገት እየወጣ ደሴ ያራግፋል። ረሂማ ለልጆቿ አዲስ ጫማ ገዛች። በሺር አንዳንድ ቀን ጋቢናው ውስጥ ከጀማሉዲን ጎን ተቀምጦ ይሄዳል፤ ከላይ ሆኖ መንገደኛውን ሲያይ ሃያ ዓመት ይቀልለዋል። በወጣትነቱ ይህን መንገድ በአህያ ኋላ እየተከተለ አፈሩን በልቶታል። ጀማሉዲን የሐረጎን ጠመዝማዛ አንድ በአንድ ያውቀው ነበር። ማርሹን ከመታጠፊያው ቀድሞ ይቀይራል፤ መኪናው አጉረምርሞ ይታዘዘዋል።

«እንዴት ነው የምታውቃት?» ይለው ነበር በሺር።

«ስትናደድ ድምፅዋ ይቀጥናል፣ አባባ። ያኔ አልጫናትም። እንደ ረሂማ ናት።»

ከጥር ወዲያ መንገዱ ተለወጠ። ከሰሜን፣ ከጦር ግንባር የሚመጡት መኪኖች ሸራቸውን ዘግተው ነው ደሴ የሚገቡት፤ ከሸራው ሥር የሚንጠባጠበውን ማንም አይጠይቅም። ዋጋ በየገበያ ቀኑ ዘለለ። ሱቆች ግማሽ በር ብቻ መክፈት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ከዘይኑልአቢዲን ሰፈር የሦስት ባለመኪናዎች ግቢ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ መኪኖቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ወርደዋል። ያን ጊዜ በሺር ያቺን ኮፈኑን መታ መታ ያደረገች መዳፍ አስታወሰ። ቆዳውን ዘግይቶ ገለበጠው። ዘይኑልአቢዲን ከሁሉ ቀድሞ የሸሸው መኪና ለግዳጅ እንደሚወሰድ ስላወቀ ነበር፤ መኪና ሲወሰድ ደግሞ ሾፌሩ አብሮ ይወሰዳል።

ይህን ለዘሀራ አልነገራትም።

ሚያዝያ ሲገባ ወርቅአፈራሁ ሸዋ በር ድረስ መጣ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ አለው። ወንበር ሲሰጠው አልተቀመጠም።

«በሺር፣ ትናንት ከኮምቦልቻ ሁለት መኪና ተወስዷል። ያንተን ዛሬውኑ ጓሮዬ አስገባው። ጎማዋ ይውለቅ፣ የነዳጅ ፖምፗ ይፈታ፣ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ። ያላየ ምን ይወስዳል?»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔ ምን አውቄ? ይህ ነገር እስኪለይለት።»

«ገበያው አሁን ነው የጋለው፣ ወርቄ። ደሴ እህል አልቋል። ሐርቡ ያለ ማሽላ ደሴ ቢገባ ባለቤቱ የጠራውን ዋጋ ያወጣል። ሰው ሁሉ ሲሸሽ የሄደ ነው የሚያገኘው። በሬውን ስሸጥስ ሰው ምን ብሎኝ ነበር?»

ወርቅአፈራሁ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «እኔ ላሞቼን ልሽጣቸው ስል አንድ ዝናብ ልጠብቅ ብዬ ነው ያለቁት። ያን ጊዜ ግን ያለቀው ላም ነው ብዬ ነበር። ኋላ ነው ገበሬዎቹን የቆጠርኩት።» ወደ በሩ ሄደና ዞረ። «አንተ ሁሌ ደፋር ነህ። ድፍረትህን አልጠላሁትም። ዕድሜህን አትርሳ ለማለት ነው።»

«የሱ ዕድሜ አይደለም የሚነዳው» አለች ዘሀራ ከውስጥ።

በሺር በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረደ። ጀማሉዲን መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የፖምፑን ብሎን መፍታት ጀምሮ ነበር። እጁ በዘይት ጠቁሯል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጋሽ ወርቅአፈራሁ ልከውብኝ ነው። እኔም አስቤዋለሁ፣ አባባ። ይህን ካወጣሁት ማንም አያስነሳትም። እኔም ከቤቴ እውላለሁ።»

በሺር ኮፈኑ ሥር የተከፈተውን ሞተር አየ። እዚያ ውስጥ የሚታየው ቤቱ ነበር፤ በሩ፣ በረንዳው፣ ዘሀራ ጎመን የተከለችበት ጓሮ። ድንጋይ ላይ ቆሞ ሲዝግ ታየው። ነገሩ እስኪለይለት ቢባል እስከ መቼ? የሱ ዕድሜ የሚጠብቅ ዕድሜ አልነበረም። ወጣት ሰው መጠበቅ ይችላል፤ እሱ ግን አንድ ክረምት ቢያልፈው ሌላውን ማየቱን ማን ያውቃል?

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። «ነገ ሐርቡ እንጭንና ደሴ እናራግፍ። በሷ ትርፍ ቤት ባይሆን ግማሽ ቤት እንገዛለን። ስትመለስ ፍታው። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

ጀማሉዲን መፍቻውን ይዞ ቆየ። አማቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። ይህች መኪና የአማቱ ቤት መሆኗን ሌላው ቢረሳ እሱ አልረሳም። ረሂማ ከበሩ ቆማ ነበር፤ ልጇን ከመሬት አንስታ አቀፈች።

«እሺ» አለ ጀማሉዲን፤ የፈታውንም ብሎን መልሶ አጠበቀ።

ሐርቡ ላይ እህሉ ተገኘ። እንዲያውም በቀላሉ ተገኘ፤ ሻጮቹ እህሉን እየገፉ ይሰጡ ነበር። በሺር በዚህ ጊዜ ነገሩ ገባው፤ ሳይከራከር የሚሸጥ ሰው የሚሸሸው ነገር አለው። ግን ጆንያው እየተጫነ ነበር፤ የተጫነን ማራገፍ ደግሞ አልሆነለትም። ኮምቦልቻን ሲያልፉ ፀሐይ ከፍ ብላለች። የቦርከና ወንዝ በግራቸው ቀጥኖ ይወርዳል። ጀማሉዲን እንደ ልማዱ አላንጎራጎረም።

ከሐረጎ ግርጌ፣ መንገዱ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት፣ በርሜሎች ተደርድረዋል። ወታደሮቹ አቧራ የለበሱ፣ እንቅልፍ ያጡ ልጆች ነበሩ። መቶ አለቃቸው ወደ ጋቢናው ቀርቦ ሰላምታ እንኳን ሰጠ።

«ጭነቱን አውርዱ።»

«የት ይወርዳል፣ ጌታዬ?» አለ በሺር። «ደሴ ነው የምናደርሰው፤ ለሕዝቡ እህል ነው።»

«እዚሁ። መኪናው ለግዳጅ ተፈልጓል። ሾፌሩም ይቀጥላል።»

ጆንያዎቹ ከመንገዱ ዳር ተራ በተራ ወረዱ። አንዱ ተቀዶ ማሽላው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አልሰበሰበውም። በሺር መቶ አለቃውን እጅጌውን ያዘው፤ በሕይወቱ ሰው እጅጌ ይዞ ለምኖ አያውቅም ነበር።

«መኪናውን ውሰዱ። ቤቴ ነው፣ ውሰዱት፣ ይቅር ብያለሁ። ልጁን ተዉልኝ። ልጆች አሉት። በሱ ፋንታ እኔ ልሂድ።»

መቶ አለቃው አልተቆጣም። ሽበቱን፣ ጥምጣሙን፣ ምርኩዙን አየ።

«አባት፣ መንዳት ይችላሉ?»

በሺር በዚህ መንገድ ከአህያ ኋላም፣ በጋቢናም፣ አንድ ዕድሜ ተመላልሷል። መሪ ይዞ አያውቅም።

«አብሽር፣ አባባ» አለ ጀማሉዲን ከላይ ሆኖ። ፈገግ ለማለት ሞክሯል። «እስከ ሐይቅ ከተማ ቢሆን ነው። አራግፌያቸው እመለሳለሁ። ረሂማን አያስደንግጡብኝ።»

ወታደሮቹ ከኋላ ተሳፈሩ። መኪናው ዳገቱን ጀመረ። በሺር ከጆንያዎቹ መካከል ቆሞ ድምፁን ተከተለ፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ፣ ማርሽ ተቀየረ፤ ሁለተኛው፣ ተቀየረ። ከዚያ በላይ ድምፁ ቀጠነ። ተናዳለች፣ ብሎ አሰበ፤ አትጫናት። ቀጥሎ ምንም አልተሰማም።

ኮምቦልቻ ከኋላው ቅርብ ነበር። ረሂማ እዚያ ነበረች። እግሩ ግን ወደዚያ እምቢ አለው፤ እህሉን እንዳለ ትቶ ሽቅብ ሐረጎን ወጣ። መንገድ ላይ አንድ ጋሪ አሳፈረው። ደሴ ሲደርስ ጀንበር አዘቅዝቃለች፤ የጦሳ ተራራ ጥላ ከተማውን ግማሹን ሸፍኖታል።

ዘሀራ ከተርታው በር ላይ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ እሱን አየችው፤ ከዚያ ከኋላው ያለውን ባዶ መንገድ። ስለ መኪናው አልጠየቀችም።

«ልጁስ?»

«ወደ ሐይቅ ወስደውታል። እመለሳለሁ ብሏል።»

«ለረሂማ ነገርካት?»

በሺር አንገቱን ደፋ። ዘሀራ ተነስታ ጫማዋን አጠለቀች፣ ነጠላዋን አጣፋች።

«እንውረድ» አለች። «እኔ አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ። እኔ ስትወድቅ እይዛታለሁ።»

ከመውጣታቸው በፊት ወደ ቂብላ ዞራ ሁለት እጇን ከነጠላዋ አወጣችና መዳፎቿን ገለበጠች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የጀማሉዲንን ስም አነበበበት። በሺርም እጁን አነሳ። አሚን ሊል ሲል ከሰሜን በኩል፣ ከሐይቅ ወዲያ፣ አንድ ከባድ የመድፍ ድምፅ ተንከባለለ። ራሱ በቅዳሜ ቀን ያስመታው ቆርቆሮ ከላያቸው ተንቀጠቀጠ።

ዘሀራ እጇን አላወረደችም።